የኢንጂነሩ መኪና

ልብስ ሰፊው ሚስቱን ሲያገባ ቤቷንም፣ ያረጀች ድመቷንም፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሟች ባሏን ፎቶግራፍም አብሮ ነው የተረከበው። ድመቷን ቶሎ ለመዳት። ፎቶግራፉንም ሚስቱ ሳይጠይቃት አውርዳ፣ በጨርቅ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ አስገባችው። ከጉሮሮው አልወርድ ያለችው አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፤ ጓሮ ከቆርቆሮ ጥላ ስር የምትቆም፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ወገቧ ዝቅ፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ ጥቁር አረንጓዴ የስፖርት መኪና። በዕድሜ ከእሱ ብዙም አታንስም። ቢሆንም ባለፈችበት ሁሉ አንገት ታስዞራለች። ሰፈርተኛው “የኢንጂነሩ መኪና” ይላታል። ሟች ባሏ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ነበርና ከሞተም በኋላ ስሙ እሷ ላይ ቀርቷል።

“ኢንጂነሩ ቢሆን ለአንድ ቀን ከነጭቃዋ አያሳድራትም ነበር” ይላል ጎረቤቱ አጥር ተደግፎ። ልብስ ሰፊው ፈገግ ብሎ ያልፋል። ሆዱ ግን እንደ ካውያ ይግላል።

ነገሩን ያባሰው ኢንጂነሩን በደንብ ማወቁ ነው። ሌላው ሰው የሚቀናበትን ሟች በሐሳቡ ይስለዋል እንጂ አይነካውም። ልብስ ሰፊው ግን ኢንጂነሩን በሜትር ለክቶታል። ሙሉ ልብሶቹን የሚሰፋለት እሱ ነበር። ደረቱን ለመለካት ሜትሩን በጀርባው ሲያዞር ሰውየውን ማቀፍ ግድ ይሆንበታል፤ እጁ አይደርስማ። ትከሻው በር ይሞላል፣ ሲስቅ የሱቁ መስተዋት ይንቀጠቀጣል። ልብስ ሰፊው ራሱ ደግሞ ቀጭን ነው። በልጅነቱ “ክር” ይሉት ነበር፤ ታላቅ እህቱ እስከ ዛሬ አልተወችውም።

ከሚስቱ ጋር የተዋወቁትም በእነዚያው ልብሶች ሰበብ ነው። ባሏ ካለፈ በኋላ ለሟች ታናሽ ወንድም አጥብብልኝ ብላ ይዛቸው መጣች። እሱ ስፌቱን ሲፈታ፣ እሷ ስታወራ፣ ቀጠሮው ሲራዘም፣ ሲራዘም፣ ነገሩ ሌላ ሆኖ አረፈው።

ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ልጅ በእጇ ስትቀበል ትሰነብትና ቅዳሜ ጠዋት ጸጉሯን በሻሽ ጠቅልላ መኪናዋን ታስነሳለች። ከከተማው ወጥቶ ወደ ተራራው የሚጠማዘዘውን መንገድ ይዛ ትሄዳለች፤ ለምሳ ትመለሳለች። ስትመለስ ፊቷ ፈክቶ፣ ዓይኗ እያበራ ነው። ልብስ ሰፊው ያንን ፊት ሲያይ አንጀቱ ያርራል። እሱ ያላፈካው ፊት ነዋ።

“ና እንጂ፣ አብረን እንሂድ” ትለዋለች ሁልጊዜ።

“ወገቤን ያመኛል። እንደዚያ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ማን ያነሳኛል?”

ወገቡ ጤነኛ ነው። አንድ ቀን እሷ በሌለችበት የመኪናዋን በር ከፍቶ አይቶ ነበር። በተሳፋሪው ወንበር በኩል፣ በሩ ላይ ያለው የእጅ መያዣ ቆዳው ተልጦ፣ ተሸብሽቦ፣ የጣት ቅርጽ አውጥቷል። ኢንጂነሩ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ ሲያበር፣ እሷ መያዣውን ጨብጣ ስትስቅ ታየው። በሩን መልሶ ዘጋው፤ ሥዕሉ ግን ከዓይኑ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዋን ስትወጣ ብቻዋን አይመስለውም። ከሟቹ ጋር ቀጠሮ ያላት ነው የሚመስለው።

“የሞተ ሰው ላይ ትቀናለህ እንዴ?” አለችው አንድ ቀን ታላቅ እህቱ። እሷ ሱቁ ውስጥ ቁልፍ ትተክላለች፣ ዘርፍ ትጠልፋለች፣ በትርፍ ጊዜዋም የወንድሟን ኑሮ ትመረምራለች።

“ማን ቀና? ቦታ ይዛብን ነው እንጂ።”

“ድመቷ ከስሯ ተኝታ ይተርፋታል፣ አንተን ነው ቦታ የጠበበህ?” የምትተክለውን ቁልፍ ክር በጥርሷ በጠሰችና በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪና በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገች። “ደግሞስ አንተ መኪና የለህም? ይኸው፣ እሱን እየነዳህ ተራራ ውጣ።”

ልብስ ሰፊው አልሳቀም። ጠመኔውን አንስቶ ያልተጠየቀ መስመር ጨርቁ ላይ አሰመረ፤ ኋላም በብሩሽ ሲያጠፋው ዋለ።

እንዲህ ባለበት አንድ ቅዳሜ ሚስቱ ፊቷ ሳይፈካ ተመለሰች። መኪናዋ ጉድጓድ በነካች ቁጥር ለረጅም ጊዜ እየተወዛወዘች አስቸግራታለች፤ ከኋላ ጎማዋ አጠገብም ዘይት ይንጠባጠብ ጀምሯል። ሰኞ ጠዋት ጋራዥ አደረሰቻትና ወደ ሥራዋ ሄደች።

“ሾክ አብዞርበሮቹ አልቀዋል፣ አራቱም ይቀየሩ ብሏል ጉልቤ” አለችው ማታ እራት ላይ። ጉልቤ የሚሉት መካኒኩን ነው። “እኔ ይህን ሳምንት ተረኛ ነኝ፣ ከማዋለጃ ክፍል መውጫ የለኝም። አንተ ሂድና ምረጥልኝ።”

“እኔ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ?”

“ጉልቤ ይነግርሃል። ወገቤን ትል የለ? ላንተም የሚስማማህ ይሁን። ከዚያ በኋላ ምክንያት አይኖርህም፣ አብረን እንወጣለን።” ጉንጩን በእጇ ጀርባ ዳሰስ አድርጋው ሳህኖቹን አነሳች።

ሌላ ባል ቢሆን በደስታ ይሄድ ነበር። ልብስ ሰፊው ግን የኢንጂነሩን ጫማ ወልውልልኝ የተባለ ያህል ነው የተሰማው።

ጉልቤ በስሙ ብቻ ነው ጉልቤ የሆነው፤ ቁመቱ ከልብስ ሰፊው ትከሻ አይደርስም። ያልፈታው ብሎን ግን የለም ይባላል። ልብስ ሰፊውን ሲያይ እጁ በግራሶ የተነከረ ነበርና ክንዱን ዘረጋለት፤ ክንዱን ጨበጠው።

“እስቲ እዚህ ጋ ይጫኑ ጋሼ” አለው ከመኪናዋ የፊት ጎማ በላይ ያለውን ቆርቆሮ እያሳየው።

ልብስ ሰፊው ተጭኖ ለቀቀ። መኪናዋ ወረደች፣ ወጣች፣ ደግማ ወረደች፣ ደግማ ወጣች። አልቆም አለች።

“አዩ? ጤነኛ ብትሆን አንዴ ወርዳ፣ አንዴ ወጥታ ጸጥ ትል ነበር። የሚያነጥራት ሞላው ነው። ሾኩ ደግሞ ሞላውን በቃ የሚለው ነው። አሁን በቃ የሚል የለም።” ጎንበስ ብሎ የተፈታውን አሮጌ ሾክ አነሳ። በአቧራና በዘይት የተለወሰ፣ ክንድ የሚያህል ቱቦ ነው። “ይሄንን ኢንጂነሩ ናቸው ያመጡት። አስታውሳለሁ፣ እዚሁ ነው የገጠምኩት። ጠንከር ያለ፣ በቁልፍ የሚጠብቅ የሚላላ። እሳቸው ሌላ እቃ ይዘው መጥተው አያውቁም።”

“ኢንጂነሩን ተዋቸውና፣ ስንት ዓይነት አለ?”

ጉልቤ ቀና ብሎ አየው። “እንግዲህ ይሄው የሚስተካከለው ቢገኝ ጥሩ ነው። እሱ ከጠፋ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት ዓይነት ይሆናል። ሌላ ደግሞ ለቤተሰብ መኪና የተሠራ ግራጫ አለ፣ ልስልስ ያለ። ማሰሪያው ይገጥማል፤ ግን እሱን አይውሰዱ።”

“ለምን?”

“ከተማ ውስጥ አልጋ ነው። ኩርባ ላይ ግን ትዋኛለች። ሲስተር ደግሞ ኩርባ ይወዳሉ።”

የመጨረሻዋን ነገር ልብስ ሰፊው ሰማት እንጂ አላስተዋላትም። ልቡ “ኢንጂነሩ ናቸው ያመጡት” የሚለው ላይ ተሰክቶ ቀርቶ ነበር።

የመለዋወጫ ሱቁ ጠባብ ነው። መደርደሪያው እስከ ጣሪያ በካርቶን ተሞልቶ፣ ባለሱቁ መሰላል ላይ እንደ ዶሮ ተቀምጦ አገኘው። ልብስ ሰፊው የመኪናዋን ዓይነት ሲነግረው ፊቱ በራ።

“የኢንጂነሩ መኪና በለኛ። ነፍሱን ይማረውና፣ ምን ዓይነት ሰው ነበር መሰለህ።” ሳይጠየቅ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ሾክ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረገ። “የእሱ ይሄ ነው። ሌላ አይነካም ነበር። አንዴ ይሄ አልቆብኝ ሌላ ብሰጠው ከመንገድ መልሶ አመጣልኝ። ‘ይሄን ይዤ ብገባ ቤቴ አላድርም’ አለኝ። ቀልደኛ ነበር።”

ልብስ ሰፊው ቀዩን ሾክ አንስቶ መሬት ላይ አቆመና ዘንጉን ወደ ታች ገፋ። አልነቃነቅ አለው። በሁለት እጁ፣ በደረቱ ጭምር ተጫነው። ትንሽ ወረደና ቆመ። ግንባሩን ላብ ችፍ አለው።

“ኢንጂነሩ በአንድ እጁ ነበር የሚደፍቀው” አለ ባለሱቁ፣ ክፋት ሳያስብ።

“ግራጫው የታለ?”

ግራጫው መጣ። ልብስ ሰፊው በመዳፉ ሲጫነው ያለ ሙግት ገባ፤ ሲለቀው ቀስ ብሎ፣ በይሉኝታ ዓይነት ተመለሰ። ደግሞ ተጫነው። ደስ አለው። መኪናዋ ይሄን ካደረገች ምን እንደምትሆን ታየው፦ ሶፋ ትሆናለች። ኩርባ ላይ የምታዛጋ፣ ጨዋ፣ ሰልችታ የምታሰለች አሮጊት። አንድ ሁለት ቅዳሜ ትወጣባታለች፣ ከዚያ ትተዋታለች፣ ከዚያ ትሸጣታለች። ያ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰውዬ ከጓሯቸው ይወጣል። አፉ ላይ ያመጣው ምክንያት ግን ሌላ ነበር።

“ባለቤቴ የሚመች አምጣ ብላኛለች። ይሄን ስጠኝ።”

ባለሱቁ ቀዩን መልሶ ወደ መሰላሉ ይዞ ወጣ፤ ፊቱ ቅር እንዳለው ያስታውቃል።

ጉልቤም ካርቶኑን ከፍቶ ሲያይ እንደዚያው ነበር የሆነው። “አይውሰዱ ያልኩዎት ይሄን አይደል እንዴ?”

“ሌላው አልቋል።”

“እንጠብቃ። ይመጣል።”

“ለቅዳሜ ትፈልጋታለች። ግጠመው።”

ጉልቤ ራሱን ነቀነቀ። የደንበኛ ቃል ነውና ክሪኩን ጎተተ። ልብስ ሰፊው ሊወጣ ሲል ከመኪናዋ ስር ድምፁ ተከተለው። “ሲስተርን ይንገሯቸው፣ ኩርባ ላይ ቀስ ይበሉ ብሏል ይበሏቸው።”

“እነግራታለሁ” አለ።

አልነገራትም። ማታ “ጉልቤ መረጠልህ?” ብላ ስትጠይቀው “እሱ ነው የመረጠው” አላት። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ምንም አላደናቀፈውም፤ እሱ ራሱ ገረመው።

ቅዳሜ ወገቤን ማለት አልቻለም። ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ መሬቱ የተጠጋው መሰለው፤ የሰው ጉልበት በዓይኑ ትይዩ ነው የሚያልፈው። ሚስቱ ሻሿን አጥብቃ አስነሳች። ከተማ ውስጥ ጉድጓዱ ሁሉ ጥጥ ሆነ።

“ወገብህስ?”

“አልጋ ነው።”

“አዎ” አለች፤ ግንባሯ ግን ትንሽ ተቋጠረ። “ላላችብኝ።”

ልብስ ሰፊው በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞሮ ፈገግ አለ።

ከተማው ከኋላቸው ቀርቶ መንገዱ ሽቅብ መጠምዘዝ ሲጀምር ግን ፈገግታው ጠፋ። ሚስቱ ሌላ ሰው ሆነች። መሪውን የያዘችው እንደሚጨነቅ ሰው ሳይሆን እንቁላል እንደያዘ ሰው ነው። ማርሽ ስትቀይር እጇ አይቸኩልም፣ ማርሹም አይንኳኳም። ዓይኗ ከፊታቸው ያለውን አስፋልት አልፎ ኩርባው የሚፈታበትን ቦታ ያያል። ያ የፈካ ፊት፣ ለምሳ ስትመጣ የሚያየው፣ እዚህ አጠገቡ ቀስ እያለ ሲወጣ አየው። ለጥቂት ጊዜ አፉን ከፍቶ ተመለከታት። ወዲያው ደግሞ ይህን ማን እንዳስተማራት አሰበና ቅናቱ ተመልሶ አነቀው። ኢንጂነሩ ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል።

አንዱ ኩርባ ውስጥ ሲገቡ መኪናዋ ወደ ጎን አዘነበለች። ማዘንበሏ የነበረ ነው፤ ማብቃት ሲገባት ግን አላበቃችም። ከላይ ጡብ የጫነ መኪና ብቅ አለ። ሚስቱ ጠርዙን ይዛ ልታሳልፈው መሪውን ስትመልስ መኪናዋ በሌላው ጎኗ ተደፋች፣ ደግሞ ተመለሰች፣ የኋላዋ ከአስፋልቱ ወጥቶ ጠጠር ላይ ተንሸራተተ። ልብስ ሰፊው ጠጠሩ ከስር ሲረጭ ሰማ። ሚስቱ ፍሬን አልያዘችም። መሪውን ወደ ተንሸራተተችበት አቅጣጫ ለቀቅ አደረገች፣ ጠበቀች፣ ሰበሰበቻት። ገደሉን የሚከልለው ድንጋይ ጋ ለመድረስ አንድ ክንድ ሲቀር ቆሙ። አቧራው ቀድሟቸው አለፈ።

ልብስ ሰፊው ቀኝ እጁ በሩ ላይ ያለውን መያዣ እንዳነቀ ነበር። ሊለቀው ሲል አየው። ጣቶቹ የተላጠው ቆዳ ላይ በወጡት የጣት ጉድጓዶች ውስጥ ገብተዋል። ግን አልሞሏቸውም። ጎንና ጎኑ ትርፍ አለው። ሲለካ የኖረ ዓይን ነውና አልተሳሳተም፤ ይህ የሚስቱ እጅ ቅርጽ አይደለም። አንባር የማይዞርበት፣ የሸሚዝ እጅጌ ሁልጊዜ የሚጠበው የአንድ ሰው እጅ ነው። በደንብ ያውቀዋል። ያ ሰው የተቀመጠው እዚህ ነው፣ እሱ አሁን ባለበት።

ሚስቱ ወረደች። ማዋለጃ ክፍል ውስጥም እንዲሁ ናት ይላሉ፤ ሌላው ሲርበተበት የእሷ ድምፅ ዝቅ ይላል። ከፊት ጎማው በላይ ተጭና ለቀቀች። ጎንበስ ብላ ከስር አየች።

“ግራጫ ነው” አለች። “ጉልቤ ይሄንን መርጦ አይገጥምም።”

“እሱ ነው…” ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

እስከ ጋራዡ ድረስ በእግር የምትሄድ ያህል እያዘገመች ነዳች። ጉልቤ ሲያያቸው ከተቀመጠበት ጎማ ላይ ተነሳ።

“ጉልቤ፣ ይሄን የመረጥከው አንተ ነህ?”

ጉልቤ ልብስ ሰፊውን አየው። እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ። “ሌላው አልቆ ነው ሲስተር” አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

“ሰው ልንገድል ነበር። እኛም ልንሞት ነበር። ስንት ዓመት አምኜህ።”

ጉልቤ አንገቱን ደፋ። ነገሩ እዚያው ላይ ተዳፍኖ ሊቀር ይችል ነበር። ልብስ ሰፊው የዚያን አጭር ሰውዬ ማጅራት ተመለከተና መታገስ አቃተው።

“አላለቀም ነበር” አለ። “እሱ አትውሰድ ብሎኛል። ኩርባ ላይ ትዋኛለች፣ ቀስ በይ በላት ብሎኛል። እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ።”

“ለምን?”

“የኢንጂነሩ መሆኗ እንዲቀር ብዬ።”

ጉልቤ አንድ መፍቻ አነሳና ማንም ያልጠራው ሌላ መኪና ስር ገባ።

ሚስቱ ቦርሳዋን ከመኪናዋ ወስዳ መራመድ ጀመረች። ልብስ ሰፊው ከኋላዋ፣ ኋላም ከጎኗ ሆነ። ሁለት ሦስት መንገድ ተሻግረው ነው የተናገረችው።

“የገዛኋት ሳላገባ ነው። በራሴ ደመወዝ። ቦዲዋ በስብሶ፣ ዶሮ የሚያድርባት ሆና ነው ያገኘኋት።”

“እሱስ?”

“እሱ የሥራ መኪና ነው የሚነዳው። ይቺን ሞክሮ ትከሻው ከበሩ ጋር ተጣላ። ኩርባ ላይ ደግሞ ያጥወለውለው ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ፣ መያዣውን ጨብጦ ‘ደረስን?’ ይለኛል። እቃ የሚገዛልኝ እሱ ነበር፣ እኔ ተረኛ ስሆን። ምን እንደምፈልግ እነግረዋለሁ፣ ያንኑ ያመጣል።” ትንሽ ተራመደች። “አንድም ቅዳሜ ግን ቀርቶ አያውቅም።”

ልብስ ሰፊውን ይቺኛዋ ከሁሉም በላይ ወጋችው።

“ሰው የኢንጂነሩ መኪና ሲል ለምን ዝም ትያለሽ?”

“መጀመሪያ አርም ነበር። ‘እሺ’ ይሉኝና ተመልሰው ያንኑ ይላሉ። ሰለቸኝ። አንተ ግን ሰፈርተኛ አይደለህም። ልትጠይቀኝ ትችል ነበር።”

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ሁለቱም በጨዋ ደንብ ኖሩ። ጨው አቀብለኝ፣ በሩን ዝጊው፣ ከዚህ ያለፈ ቃል የለም። አልጋው ላይ መሐላቸው ድመቷ ተዘርግታ ታድራለች፣ ማንም አያነሳትም።

እህቱ ነገሩን ጎትታ አወጣችው። ሰምታ ስትጨርስ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። “ታዲያ አሁን ምን ቀረህ? ነጂው እሱ አልነበረ። ቅናትህን ጨርሰህ ወደ ሥራህ ግባ እንጂ።”

“አሁን ነው የባሰብኝ።”

“ደግሞ በምን?”

“ነጂ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እያጥወለወለው ነው አብሯት የሄደው፣ እትዬ። በየሳምንቱ። እኔ ጤነኛ ወገብ ይዤ ቤት ቀረሁ።”

እህቱ ሁልጊዜ አንድ ቀልድ አታጣም ነበር። በዚህኛው ግን መርፌዋን መልሳ ነቀለች።

በሳምንቱ መጨረሻ አካባቢ ሚስቱ ካፖርቷን ለብሳ ሱቁ በር ላይ ቆማ “እቃ ልገዛ ነው። ከፈለግህ ና” አለችው። ካለቀለት ሸሚዝ ላይ ካውያውን አንስቶ ተነሳ። ሱቁን ለእህቱ ጥሎ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የሄደው፤ መንገድ ላይ ነው ያስተዋለው።

ባለሱቁ ግራጫዎቹን በክርክር መልሶ ተቀበለ። ከዚያ ቀዩን አወረደና “የኢንጂነሩ…” ሊል ሲጀምር ሚስቱ “የእኔ” አለችው፣ ሳትቆጣ። ዘንጉን በሁለት እጇ ተጫነች፤ ፊቷ እስኪቀላ ታገለችው፤ ለእሷም አልገባ አለ። ልብስ ሰፊው ይህን ሲያይ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ትንሽ ቀለል አለው።

ጉልቤ ስለ ባለፈው ምንም አላነሳም። ልብስ ሰፊው ይቅርታ ሊጠይቀው ሲጀምር “ያቺን መብራት ይያዙልኝ ጋሼ” ብሎ አቋረጠው፤ ልብስ ሰፊውም መብራቱን እየያዘ ዋለ። አራቱም ከተገጠሙ በኋላ ጉልቤ ማስተካከያ ቁልፉን ይዞ ቆመ።

“ድሮ የተሳፋሪውን ጎን ጠበቅ አድርጌ ነበር የምተወው። ኢንጂነሩ ከበድ ይሉ ነበርና። አሁንስ?”

ሚስቱ ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፣ እሱ ደንበኞቹን እንደሚያያቸው። “እሱ ቀላል ነው። አላላው።”

ቀላል መባሉ ቆነጠጠው። ጉልቤ ግን ጎንበስ ብሎ ቁልፉን ሲያዞር፣ ያ ሰው ለዓመታት ተጭኖት የኖረው ጎን ለእሱ ልክ ሲላላ አየ።

ሦስቱም እዚያው ጋራዡ ዙሪያ ባለው መንገድ ሲሞክሯት አመሹ። ሚስቱ ትነዳለች፣ እሱ ይቀመጣል፣ ተመልሰው ለጉልቤ ይነግሩታል።

“ምን ተሰማህ?” አለችው ከመጀመሪያው ዙር በኋላ።

ልብስ ሰፊው የመኪና ቃል አያውቅም። አሰበና “ከትከሻዋ ልክ ናት። ከኋላ ግን ሰፍታለች፣ ስትዞር ትርፉ ይከተላል” አለ።

ሚስቱ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ጉልቤ አልሳቀም። “ገባኝ” ብሎ የኋላውን አጠበቀ።

በሁለተኛው ዙር “አሁን ብብቷ ጋ ያዝ አደረጋት” አለ። ጉልቤ የፊቱን ትንሽ ለቀቀ። በሦስተኛው ልብስ ሰፊው የሚለው አጣ። ጉልቤ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ተራራውን ወጡ። ያችን ኩርባ ሲያልፉ መኪናዋ አንዴ ዘንበል ብላ፣ ቀና ብላ አለፈች። ልብስ ሰፊው ሆዱ በደንብ አልተረጋጋም፤ ቢሆንም ዓይኑን አልጨፈነም። ሚስቱን ነበር የሚያየው። ከዚያ ብዙ ሲያመላልሰው የሰነበተውን ጥያቄ አወጣ።

“መንዳት ማን ነው ያስተማረሽ?”

“አንድ የከባድ መኪና ሹፌር። ነርሲንግ ትምህርት ቤት እያለሁ።”

“ምን ዓይነት ሹፌር?”

“ረጅም” አለች ማርሽ እየቀየረች። “ቆንጆ። ድምፁም ጥሩ ነበር፣ ሽቅብ ስንወጣ ይዘፍናል።”

ልብስ ሰፊው ወደ መስኮቱ ዞረ። የማያውቀው፣ በሜትር ያልለካው ሌላ ሰውዬ ተራራው ላይ እየዘፈነ መጣበት። ደረቱ ውስጥ የሚያውቀው ነገር ተላወሰ። ትንሽ ቆየና ወደ እሷ ተመለሰ።

“እሺ” አለ። “ከዚያስ?”

ነገረችው። ገና ብዙ መንገድ ነበራቸው።